ሁለት ቀዳዳ

በፊትማ፣ ይሉ ነበር፣ ቢላዋ ሲመጣ
አራት ጎረምሳ ነው በሽተኛ ላይ የሚወጣ፤
አንዱ በጉልበቱ፣ አንዱ በክርኑ ተጭኖ፣
ሕመምተኛው ቀበቶ ነክሶ፣ ሐኪሙ ከሰዓት ተፋጥኖ።
ከዚያ ኤተር መጣ፣ ጠረኑ የሚያፍን፣ የሚጣፍጥ፣
ሰውን ሳያስጮህ ሥጋውን የሚያስቆርጥ።
ሕመም ሞተ ተባለ፤ ደወል ተደወለ፤
እንቅልፉን ማን ይጠብቅ? ማንም ይህን አላለ።

ይህን ሁሉ ያወጋኝ አባቴ ነው፣ ሲሪል፣
በርሚንግሃም ከተማ፣ ቅድስት ዊኒፍሬድ ሆስፒታል።
ሥራው ጋሪ መግፋት፣ ሲሊንደር መለወጥ፣
ብሎኑን ማጥበቅ፣ ጆሮ ጥሎ ፉጨቱን ማዳመጥ።

የጥር ወር ነበር፤ ጭጋጉ ጥላሸት፣
አምፖሉ ቢጫ፣ ሰዓቱ እኩለ ሌሊት።
ዲሊስ ትባላለች፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ፤
ከትርፍ አንጀቷ በቀር እንከን አልነበረው ሰውነቷ።
ጫማዋን ከአልጋው ሥር ጎን ለጎን ደርድራ፣
«የእህቴ ነው» አለች፣ «እንዳይጠፋ፣ አደራ።»

ጥቁሩ ሲሊንደር፣ ሰማያዊው ሲሊንደር
ቀለማቸው ተላልጦ ወንድማማች መስለው ነበር።
አንገታቸው አንድ፣ ብሎናቸው አንድ፤
የደከመ እጅ ምን አይቶ ይፍረድ?

ከንፈሯ ጠቆረ።
ዶክተር ሎማክስ አየ፤ አልተደናገረ፤
ኦክሲጅን የተጻፈበትን ቁልፍ ያዘ፣
ጨመረ።
ጠቆረች።
ደግሞ ጨመረ።
የሚወርደው ግን የሳቅ ጋዝ ነበር።
ሊያድናት በከፈተ ቁጥር ያፍናት ነበር።

መርማሪ ተቀመጠ። ጥፋተኛ ተፈለገ፣
ቶሎም ተገኘ፤
አባቴ ወረቀት ፈረመ፣ ጋሪውን ትቶ ወጣ።
መንትያዎቹ አንገቶች ግን ሰኞ ሥራ ገቡ፤
እነሱን ሊያባርር ማን መጣ?

ከዚያ ወዲያ አባቴ
የማርማላታ ብልቃጥ እንኳ በራሱ አይከድንም።
«እስቲ አንቺ እዪው፣ ሂልዳ» ይለኛል፤
የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ፤
ክዳኑን አየዋለሁ፤ ክዳን ነው።

አጎቴ ኢኖክ ናስ ሠሪ ነበር፤
ቶርኖና ትራፓኖ ሲያጓራበት ይውላል፣
ቅዳሜም ጆሮው እየጮኸ ይመጣል።
አንድ ቅዳሜ ከካፖርቱ ኪስ
ሁለት ነገር አውጥቶ ከሻዩ አጠገብ አኖረ።
«አዲስ ትእዛዝ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር።»
አንደኛው የሲሊንደር አንገት፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው፣
ሌላው ማቀፊያ፣ ሁለት እሾህ የበቀለው።
«የኦክሲጅኑ እሾህ እዚህና እዚህ፤
የሳቁ ጋዝ ቀዳዳ በስንዴ ቅንጣት ፈቀቅ ይላል።
ይኸው፣ ሲሪል።
ተሳሳት።»

አባቴ ያዘው። ገፋ።
አዙሮ ገፋ።
ተነሥቶ በደረቱ ተጫነው፤ ሻዩ ተደፋ፣
የአንገቱ ሥር ተነፋ።
እንቢ።
«መብራቱን አጥፉልኝ» አለ። እናቴ አጠፋች።
በጨለማ፣ በዚያች ሌሊት እጅ፣
እንደገና።
እንቢ።
ብርሃኑ ሲመለስ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር፤
ማንም አላባበለው፤
ኢኖክ ብቻ የፈሰሰውን ሻይ በኮፍያው ጠረገ።

ዛሬ ሰባ ስምንት ሞላኝ። የዳሌዬ አጥንት ሊቀየር ነው።
ልጅ እግር ሐኪም መጥታ ስሜን ጠየቀች፣
የተወለድኩበትን ቀን፣ የትኛው እግር እንደሆነ፤
ነርሷ መጥታ ያንኑ፣
ሌላው መጥቶ ያንኑ።
«አይሰለቻችሁም?» አልኳት።
«ይሰለቸናል» አለች፣ «ግን እንጠይቃለን።»
ኦክሲጅኑ ዛሬ ከግድግዳ ነው የሚመጣው፤
መጠባበቂያዋ ሲሊንደር ግን ከማሽኑ ጀርባ አለች።
ለምኜ አስፈታኋት፤
አውራ ጣቴን ከአንገቷ ላይ አሳረፍኩ፤
ቀዝቃዛ፣
ሁለት ቀዳዳ።

ጭምብሉ ቀረበ።
ጫማዬ ከአልጋው ሥር ነው።